መረቡን ከመክሰሳችሁ በፊት

ባለፈው ወር አንዲት የዓሣ ሀብት ተማሪ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። የባሕር ኤሊ ነው። አንገቱ መረብ ውስጥ ተጠምዷል፤ ለመውጣት ይታገላል። ከሥሩ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም እንዴ?» ብላ ጽፋለች። ቶሎ አልመለስኩላትም። በአንድ መስመር የሚያልቅ መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለተቆጣችሁ ልጆች ሁሉ ነው።

ቁጣችሁ ልክ ነው። ኤሊ እንደ እኛው በሳንባ ነው የሚተነፍሰው። ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት የሚያሰግር መርከብ መረቡን በባሕሩ ወለል ላይ ለሰዓታት ይጎትታል። ኤሊው አንዴ ከገባበት ወጥቶ አየር መሳብ አይችልም፤ ታፍኖ ይሞታል። ኤሊ ፈልጎ የወጣ ሰው የለም፤ የተፈለገው ሽሪምፕ ነው። ሬሳው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ይወረወራል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይሄ ነው፦ ለማንም ሳይጠቅም መሞቱ።

አልባትሮስ የሚባለውን የባሕር ወፍም አስቡት። ክንፉ ሲዘረጋ ከ3 ሜትር የሚበልጥ ዝርያ አለው። መርከቡ በሺዎች የሚቆጠር መንጠቆ ያለበትን ረጅም ገመድ ሲለቅ፣ ወፉ መንጠቆው ላይ የተሰካውን ምግብ ገና ሳይሰምጥ ሊነጥቅ ይወርዳል። መንጠቆው ይይዘዋል፤ ገመዱ ይዞት ይሰምጣል። አልባትሮስ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ጫጩቱን እናትና አባት እየተፈራረቁ ይመግቡታል። አንዳቸው ሳይመለሱ ከቀሩ፣ ደሴት ላይ ሆኖ የሚጠብቃቸው ጫጩትም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ ተቆጥቼ ነው ሥራ የጀመርኩት። ጣና ላይ ነበርኩ። በክረምት፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተጣለ፣ እንቁላል የተሸከመችው ሁሉ ሳትወልድ ትያዛለች። አንድ ማለዳ ጉማራ አፍ ላይ አንድ አስጋሪ አገኘሁና መረቡን ቀማሁት። አባቴ ሊሆን በሚችል ሰው ላይ፣ ልጁ ቆሞ እያየ ጮኽኩበት።

በዓመቱ ገበያ ላይ አገኘኝና ቤቱ ቡና ጠራኝ። ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ሲኒው በእጄ እያለ ዓሣው መቼ እንደሚወጣ አጫወተኝ። በየትኛው ዝናብ እንደሚጀምር፣ ወንዙ ምን ያህል ሲደፈርስ እንደሚበዛ፣ የትኛው ዓይነት ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ የለካሁትን እሱ በአንድ ቡና ነገረኝ። «ታዲያ እያወቅህ ለምን?» አልኩት። «እኔ ብተው ጎረቤቴ ይጥላል፤ ሁላችንም እንተው ብሎ ያስቀመጠን የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔም አንድ ቀን ሰብስቤ አላወያየኋቸውም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከ1991 እስከ 2001 ድረስ የነዚያ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ወረደ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ መረብ እቀማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የባሕሩን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። ኤሊን ከመረብ የሚያስወጣውን ፍርግርግ ማን የፈጠረው ይመስላችኋል? አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሲንኪ ቡን የሚባል ሽሪምፕ አስጋሪ የሠራው ነው። መጀመሪያ ያስቸገረው ጄሊፊሽ የሚባል ልፍስፍስ የባሕር ፍጥረት ነበር፤ መረቡን እየሞላ ሥራ ያስፈታዋል። እናም መረቡ ውስጥ ፍርግርግ አስገባ። ትንሹ ሽሪምፕ በክፍተቱ ያልፋል፤ ትልቁ ነገር ፍርግርጉን ተደግፎ በመውጫው ይንሸራተታል። በትክክል ከተገጠመ ከ100 ኤሊ 97ቱን ያህል ያስወጣል። የአሜሪካ መንግሥት በ1987 ግዴታ ሲያደርገው ግን በ1989 የቴክሳስና የሉዊዚያና አስጋሪዎች በጀልባዎቻቸው ወደብ ዘጉ። ከራሳቸው ወገን እጅ የወጣ ዕቃ እኮ ነው! ከላይ በትእዛዝ ሲመጣ የባዕድ ሆነባቸው።

ናሚቢያን ስመለከት ደግሞ ልቤ ይሞላል። እዚያ ባለሙያዎች ከመርከበኞቹ ጋር ባሕር ወጡ። ከመርከቡ ኋላ ደማቅ ጥብጣብ የተንጠለጠለበት ገመድ ዘረጉ። ጥብጣቡ ሲውለበለብ ወፉ ይሸሻል፤ መንጠቆው በሰላም ይሰምጣል። ገመዱን ዋልቪስ ቤይ ከተማ ውስጥ የሚሠሩት ሜሜ ኢቱምባፖ የተባለ ማኅበር ሴቶች ናቸው፤ የገቢ ምንጭ ሆነላቸው። ጥብጣቡን ግዴታ ያደረገው ደንብ በ2015 ወጣ። ባሕሩ ወለል ላይ የመንጠቆ ገመድ በሚዘረጉት መርከቦች የሚሞተው ወፍ በ98 በመቶ ቀነሰ። ያውም በጥብጣብ!

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ሜክሲኮ ውስጥ፣ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ላይ ብቻ የምትኖር ቫኪታ የምትባል ትንሽ የዶልፊን ዘመድ አለች። በ1997 ወደ 570 ገደማ ትገመት ነበር። ዛሬ የቀሩት 10 ያህል ናቸው። የሚገድላት ለሌላ ዓሣ የሚጣል መረብ ነው። ቶቶዋባ የተባለው የዚያ ዓሣ የአየር ከረጢት ቻይና ውስጥ እጅግ ውድ ነው። መረቡ ተከልክሏል፤ ግን ያንን የሚያህል ገንዘብ እያለ፣ ለአስጋሪው ሌላ እንጀራ ሳይዘጋጅለት፣ ክልከላው ብቻውን አላዳናትም።

ስለዚህ ልጄ፣ ቁጣሽን አትጣይው፤ ግን ይዘሽው ጀልባ ላይ ውጪ። መረብ መጠገን ተማሪ። የሞተውን ከእነሱ ጋር ቁጠሪ፤ የቆጠርሽውንም መጀመሪያ ለእነሱ መልሰሽ ንገሪያቸው። አዲስ ዕቃ ይዘሽ ከሄድሽ፣ ከዕለት ገቢያቸው ስንት እንደሚቀንስ ሳትደብቂ ተናገሪ። ይህን ሳይሰሙ ማንም አያምንሽም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንሽም።

ያ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የለም። ያኔ ቆሞ ያየኝ ልጁ ግን አሁንም ጣና ላይ ነው። በሚመጣው ነሐሴ፣ ጉማራ ሲሞላ፣ ከመጣሽ አገናኝሻለሁ። ለመጀመሪያው ቀን የጥናት መጠይቅሽን ቤት ተይው፤ የዝናብ ጫማ ግን ያዢ። ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወጣው።