ዓመቱ ሲዘጋ ምን እናስረክብ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንደኛ ደረጃ ልጆች ናቸው። ዓመቱ የከበዳቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ መምህራን ተለዋውጠዋል፣ ክፍሎች ተዘግተው ከርመዋል፣ ምዕራፎች ሳይነኩ ቀርተዋል። የምትጨነቁት ስላለፈው ብቻ ሳይሆን ስለሚመጣውም ዓመት ስለሆነ፣ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለጊዜው አቆይቼ በእነዚህ ላይ አተኩሬአለሁ።

ትዛወር ወይስ ትድገም?

አንዲት እናት በጻፉት ረጅም ደብዳቤ እንደሚሉት፣ ሁለተኛ ክፍል ባለችው ልጃቸው ላይ ዘንድሮ ሦስት መምህራን ተፈራርቀውባታል። ትምህርት ቤቱም በመሃል ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ውጤቷ የማለፊያ ነው። ነገር ግን አንዲት አጭር አንቀጽ ስታነብ በየቃሉ ትደናቀፋለች፤ ጨርሳም ምን እንዳነበበች መናገር ያቅታታል። «ብትደግም አይሻልም ወይ?» ይላሉ።

በእኔ እምነት አይሻልም። ልጅ ሲደግም ተጨማሪ ጊዜ ያገኘ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚያገኘው ያንኑ መጽሐፍ በዚያው አካሄድ ነው፤ ጓደኞቹን ደግሞ ያጣል። ሼን ጂመርሰን የተባሉ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ የታተሙ 20 ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሥራ፣ የደገሙትን ልጆች ተመሳሳይ ችግር እያለባቸው ከተዛወሩት ጋር ሲያነጻጽሩ ለመድገም የሚያበቃ ጥቅም አላገኙም።

ይህ ማለት ግን ዝም ብላ ትዛወር ማለት አይደለም። ማንበብ ያልቻለች ልጅ ሦስተኛ ክፍል ገብታ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ቢዘረጋላት፣ መድገሟ ከሚያደርስባት ጉዳት ያልተናነሰ ጉዳት ይደርስባታል። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት ለዓመታት የሠራበት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ከቀኑ የተወሰነ ሰዓት ተለይቶ ልጆቹ የሚመደቡት በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ነው፦ ፊደል የሚለዩ ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡ ለብቻ፣ አንቀጽ የሚያነቡ ለብቻ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስቴር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን መንገድ ትምህርት ቤቶች ድረስ ወርደው ፈትነውታል፤ በደንብ ሲተገበር ልጆቹ በግልጽ እንደሚሻሻሉም አይተዋል።

ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን «ትድገምልኝ» ብለው ከሚለምኑ ይልቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጆቹ ንባብ ይመዘን እንደሆነና ለማካካሻ የተያዘ ክፍለ ጊዜ እንዳለ ይጠይቁ። መልሱ «እናያለን» ከሆነ ሌሎች ወላጆችን ይዘው ይመለሱ። ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል አብራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። መጽሐፉ ቀላል ይሁን፤ በአንድ ገጽ ላይ ከጥቂት ቃላት በላይ የሚያስቸግራት ከሆነ ገና ነው። በአግባቡ እየተማረች ወራት አልፈውም ለውጥ ካላዩ፣ የንባብ ችግርን የሚመረምር ባለሙያ ቢያያት ጥሩ ነው።

ግራኝ

ልጃቸው በግራ እጁ ስለሚጽፍ በዕረፍቱ ወደ ቀኝ ሊያለማምዱት ያሰቡ አባት አሉ። ይተዉት፤ በግራው ይጻፍ። ደብተሩን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘንብል፣ የሚቀመጥበትም ቦታ ከጠረጴዛው በግራ ጫፍ በኩል ይሁንለት።

ከሮስተሩ ጋር ምን ልስጥ?

ጠያቂው የአራተኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ናቸው። ዓመቱ አድክሟቸዋል፤ ሮስተሩን አስረክበው ማረፍ ይፈልጋሉ። ሕሊናቸው ግን አልፈቀደላቸውም። ባለፈው ዓመት ክፍሉን ሲረከቡ የደረሳቸው የስም ዝርዝርና ውጤት ብቻ ስለነበር፣ አንዲት ተማሪ በአንድ ጆሮዋ እንደማትሰማ ያወቁት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። «እኔም እንዲህ አድርጌ ላስረክብ?» ብለው ይጠይቃሉ።

በፍጹም። ይህን ደብዳቤ ሁሉም ርዕሰ መምህር ቢያነበው ደስ ይለኛል። አንድ መምህር ዓመቱን ሙሉ አብሯቸው ስለዋለ ልጆች የሚያውቀው፣ የትኛውም ፈተና ሊነግረን የማይችለው ነው። ያ ሁሉ ዕውቀት በመጨረሻው ቀን ከመምህሩ ጋር ከግቢ ይወጣል። ቀጣዩ መምህር እንደገና ከባዶ ይነሣና ልጆቹን ለማወቅ ብቻ ወራት ይፈጅበታል። ደህና በሆነ ዓመት ይህ ኪሳራ ነው ብለን እናልፈው ይሆናል። ብዙ ትምህርት ከባከነ በኋላ ግን እነዚያን ወራት ከልጆቹ ላይ መውሰድ ጭካኔ ነው።

የሚያስፈልገው ስለ ክፍሉ አንድ ገጽ፣ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ሁለት ሦስት መስመር ነው።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያላስተማራችሁትን ጻፉ። ውጤት ያልተማረን ልጅ ተምሮ ካልገባው ልጅ አይለይም። የክፍልፋይ ምዕራፍ በአራተኛ ክፍል ሳይነካ ቀርቶ እንደሆነ አስቡት። የአምስተኛ ክፍል መምህር ታሕታቸው (ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር) የተለያዩ ክፍልፋዮችን መደመር ሲጀምሩ ክፍሉ በሙሉ ይፈዝዛል፤ እርሳቸውም «ዘንድሮ የደረሱኝ ልጆች ደካሞች ናቸው» ብለው ይደመድማሉ። ልጆቹ ግን ደካሞች አይደሉም፤ ማንም አላስተማራቸውም። ከመጽሐፉ ማውጫ ላይ የተዘለሉትን፣ በጥድፊያ የታለፉትን ምዕራፎች ምልክት ማድረግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እዚህ ላይ ለርዕሰ መምህራን የምለው አለኝ። ይህ ገጽ በመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ በጭራሽ እንዳይገባ አስቀድማችሁ ቃል ግቡ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። «ለምን አልሸፈንክም?» ተብሎ የሚጠየቅ መምህር በሚቀጥለው ዓመት ሁሉን ሸፍኛለሁ ብሎ ይጽፋል። ያኔ የምታገኙት ወረቀት የተሟላ ቢመስልም ለልጆቹ የሚጠቅም አንዳች ነገር አይኖርበትም።

ቀጥሎ ንባብ ነው። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርታችሁ አንድ አጭር አንቀጽ አስነብቡት፤ ስላነበበውም ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። ለአንድ ልጅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። «ቃል ያነባል፣ አንቀጽ ያስቸግረዋል» ወይም «አጥርታ ታነባለች፣ ሐሳቡን ግን አትይዝም» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ለሚቀጥለው መምህር «62» ከሚል ቁጥር የበለጠ ነገር አስረክባችሁታል።

ከዚያ ስለ ልጁ ራሱ ጻፉ፤ ስታዩት የኖራችሁትን እንጂ ፍርዳችሁን አይሁን። «ረባሽ» ብላችሁ ብታስረክቡ ልጁ ገና ሳይገባ ተፈርዶበታል። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ለመምህራን «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ያድጋሉ» ተብሎ ስማቸው የተሰጣቸው በዕጣ የተመረጡ ልጆች ነበሩ። በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች ያሉት ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል አሳዩ። የውጤቱ መጠን ሲያከራክር ቢኖርም፣ መምህር ከልጅ የሚጠብቀው ነገር በአያያዙ ላይ እንደሚንጸባረቅ ክፍል ውስጥ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። «ከሃያ ደቂቃ በላይ ሲቀመጥ ይቁነጠነጣል፤ ሰሌዳ እንዲያጠፋ ሲታዘዝ ይረጋጋል» ቢባልስ? ይኸኛው ልጁንም መምህሩንም ይረዳል። የማን ጆሮ እንደማይሰማ፣ ማን ፊት ለፊት መቀመጥ እንዳለበት፣ ማን በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ አንብብ ሲባል እንደሚያለቅስ እዚሁ ይግባ። የቤት ውስጥ ምሥጢር ግን ወረቀት ላይ አይውጣ። ሊነገር የሚገባው ካለ በቃል፣ ለሚመለከተው መምህር ብቻ፣ ልጁን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ያህል ይነገር።

ወረቀቱ ብቻውን መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ሁለቱ መምህራን ፊት ለፊት ይገናኙ። መምህራን ከመበተናቸው በፊት ለዚህ ግማሽ ቀን መመደብ የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው፤ ከመምህሩ የዕረፍት ቀን ላይ መቆረጥ የለበትም። እርስዎም ይህን ካደረጉ በኋላ ይረፉ። በደንብ ይረፉ፤ ልጆቹ በመክፈቻው ቀን ጉልበት ያለው መምህር ያስፈልጋቸዋል።

የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ በዕረፍቱ እናስጨርሰው?

አታስጨርሱት። ዘንድሮ የተዘለለውን ሞልታችሁ በቀረው ጊዜ ይጫወት። ቀድሞ የሸመደደ ልጅ ክፍል ውስጥ ይሰለቻል፤ ሳይገባው የሸመደደ ደግሞ የሚያውቀው እየመሰለው ያልፋል።

«ሰሌዳ ገልብጥ ሲባል ይሰንፋል»

የሦስተኛ ክፍል ልጃቸው ከሰሌዳ መገልበጥ ትቶ የጎረቤቱን ደብተር ያያል፤ ቤት ውስጥም መጽሐፉን አፍንጫው ሥር አድርጎ ዓይኑን እያጨናበሰ ያነባል። መምህሩ ስንፍና ነው ብለዋል፤ ወላጆቹ በዕረፍቱ አስጠኚ ሊቀጥሩለት ነው።

እባካችሁ፣ ለአስጠኚ ያሰባችሁትን ገንዘብ መጀመሪያ ለዓይን ምርመራ አውሉት። የሩቁን አጥርቶ አለማየት ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በዚሁ በትምህርት ዕድሜ ነው። ልጁም ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ ስለማያውቅ «አይታየኝም» አይልም። ይህን «ከተመቻችሁ ሞክሩት» ብዬ የማልፈው ጉዳይ አይደለም። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት የዓይን ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ሲጠሩት ቶሎ የማይመልስ ከሆነ ጆሮውም ይታይ። ከዚያ በኋላ ስለ ስንፍና መነጋገር ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አያስፈልግም።

በመዝጊያው ቀን ስማቸው ይነሣ?

አንዲት ርዕሰ መምህርት ይጽፋሉ። የአንደኛ ክፍል መምህርት በዓመቱ አጋማሽ ሞተውባቸዋል። የመዝጊያው ቀን ደርሷል፤ አንዳንድ ወላጆች «የልጆቹን ደስታ አታበላሹ፣ አታንሡት» ይላሉ፤ መምህራኑ ደግሞ ዝም ብለን አናልፍም ብለዋል።

ስማቸውን ያንሡ። ልጆቹ አልረሱም። ትልልቆቹ ዝም ሲሉ የሚረዱት ነገር ቢኖር ስለ እርሳቸው ማውራት ክልክል መሆኑን ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ለወላጆች ያሳውቁ፤ ማንም በድንገት አይያዝ። በዕለቱ ልጆቹን የሚያውቅ መምህር በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ማን እንደነበሩና ልጆቹ ከእርሳቸው ምን እንደተማሩ ይናገር። «ሄዱ» ወይም «ተኙ» አይበል፤ «ሞተዋል» ይበል። ትናንሾቹ ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና አጥርተው ላይረዱ ስለሚችሉ፣ ሄዱ የተባለውን ሰው ይጠብቃሉ፤ ተኙ ከተባለም እንቅልፍ የሚፈሩ አሉ። ሥዕል መሳል ወይም መናገር የሚፈልግ ልጅ ዕድል ይሰጠው፤ ያልፈለገውን ማንም አያስገድደው። ከዚያ ወደ ዝግጅታችሁ እለፉ። ልጆች አልቅሰው ወዲያው መሳቃቸው ጤናማ ነው፤ ማንም አይቆጣቸው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባለሁ። ከወራት በኋላም እንቅልፍ ያጣ፣ መብላት የቀነሰ፣ ከጓደኞቹ የተለየ፣ ከዚህ በፊት የተወውን አልጋ ማርጠብ የጀመረ ልጅ ካለ፣ ቤተሰቡ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሐኪም ጋ ይውሰደው፤ ትምህርት ቤቱም መድረሱን ይከታተል። ልጁ «እኔም ልሙት» የሚል ቃል ካወጣ ደግሞ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ይወሰድ፣ ብቻውንም አይተው። ቀጣዩ መምህራቸውም ይህ ክፍል መምህርቱን ያጣ ክፍል መሆኑን አውቆ ይግባ።

አጥር ወይስ መጽሐፍ?

የወላጅ ኮሚቴ አባላት በተዋጣው ገንዘብ ላይ አልተስማሙም፤ ገሚሱ አጥሩ ቀለም ይቀባ፣ ገሚሱ የንባብ መጻሕፍት ይገዙ ይላል። የልጃገረዶቹ መጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ ይቆለፋል? ውኃስ አለው? ከሌለው መጀመሪያ እሱ ነው። ካለው መጽሐፍ ግዙ፤ በተለይ ለታችኞቹ ክፍሎች፣ በልጆቹ ቋንቋ የተጻፉ፣ ልጆች ወስደው የሚያነቧቸው ይሁኑ። ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፉ ከሆነ ግን ያው ቀለም መቀባት ነው። አጥሩ ይቆያል።

ስንት ሰዓት ይተኛ?

ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ የሚመክረው በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ዕረፍቱ ካስመሸው፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየጥቂት ቀኑ የመኝታ ሰዓቱን በሩብ ሰዓት ቀደም አድርጉት። በዋዜማው ማታ በግድ ማስተኛት አይሠራም።

ከአንዲት ተማሪ

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነሽ፤ የማባዛት ሠንጠረዥ በስንት መከራ ይዤ በዕረፍቱ ይጠፋብኛል ብለሽ ፈርተሻል። ፍርሃትሽ ምክንያት አለው። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ልጆች ከረጅም ዕረፍት በኋላ በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር፤ የበለጠ የሚጠፋውም ስሌትና የቃላት አጻጻፍ ነበር።

ሠንጠረዡን ደጋግመሽ ማየት ብዙም አይጠቅምሽም። ዝጊውና ራስሽን ጠይቂ። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው? ካልመጣልሽ ትንሽ ታገይ፣ ከዚያ ከፍተሽ እይ፣ እንደገና ዝጊ። አሥር ደቂቃ ይበቃሻል፤ በሳምንት ሦስት ቀን አድርጊው እንጂ አንድ ቀን ሙሉ አትቀመጪበት። የሚያስቸግሩሽን ብቻ በትንንሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለይተሽ ያዢ፤ የሁለትንና የአምስትን አሁንም ታውቂያቸዋለሽና ጊዜሽን አይውሰዱብሽ። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለሽ ደግሞ አስተምሪያቸው፤ ሲጠይቁሽ የምትሰጪው መልስ ሁሉ ለራስሽም ልምምድ ነው።