ጠቅ ብላ ዝም የምትል መኪና፣ ሞተሪኖ ከመቀየርህ በፊት

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ቪትዝህ ጠዋት ቁልፍ ስታዞር አንዴ ጠቅ ብላ ዝም፣ ደጋግመህ ስትሞክር ደሞ አንዳንዴ ትነሳለች፣ መብራትና ክላክስ ስለሚሠራ ባትሪ አይደለም ተብሎ መካኒኩ ሞተሪኖ (ቁልፍ ስታዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ክፍል) ቀይር ብሎሃል። እባክህ ብሩን ከማውጣትህ በፊት ይሄን ሞክር።

ክላክስ ጮኸ ማለት ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም። ክላክስና ሬዲዮ ጥቂት አምፒር ነው የሚበቃቸው፣ ሞተሪኖ ግን ሞተሩን ለማዞር ከ100 አምፒር በላይ ይስባል፣ ስለዚህ የደከመ ባትሪ መብራት እያበራም ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል፣ በተለይ በህዳርና በታህሳስ ብርድ። ግን የደከመ ባትሪ ድምፁ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፣ ጠጠጠጠጠ እያለ ይንጣጣል ወይ እያቃሰተ ቀስ ብሎ ያዞራል፣ የዳሽቦርዱ መብራትም ይደበዝዛል። አንድ ጠቅ ብቻ ከሆነ እኔ ሌላ ቦታ ነው የምጠረጥረው።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ተዋስና ጠዋት ምንም ሳትነካ ባትሪውን ለካ፣ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ። ቀጥሎ ሰው ቁልፍ እያዞረልህ እዛው ባትሪው ላይ ድጋሚ ለካ፣ ዋናው ምርመራ ይሄ ነው። ቁጥሩ ወደ 9 እና ከዛ በታች ከወረደ ብዙ ጊዜ ባትሪው ነው። 12 ላይ ቆሞ ጠቅ ብቻ ካለ ግን ኃይሉ ከባትሪው እየወጣ አይደለም፣ ወይ ገመዱ ነው ወይ የሞተሪኖው ውስጥ።

ገመዱን ራስህ ታየዋለህ። የባትሪው ማሰሪያ ላይ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነገር ከጋገረ ፈተህ በሙቅ ውሃ እጠበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ አድርቀህ አጥብቀህ እሰረው፣ ስትፈታ ነጌቲቩን መጀመሪያ ስታስር መጨረሻ። ከነጌቲቭ ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድም እየው፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ጠቅ የሚለው ከየት እንደሆነ ኮፈን ከፍተህ አዳምጥ፣ ከፊውዝ ሳጥኑ ከሆነ ሪሌው ነው (የቁልፉን ትእዛዝ ወደ ሞተሪኖው የሚያስተላልፈው ማብሪያ)፣ ከሞተሪኖው ከሆነ ደሞ ቁልፉም ሪሌውም ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። የቶዮታ ሞተሪኖ ውስጥ ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አሉ፣ ሞተር በተነሳ ቁጥር ብልጭታው ትንሽ ትንሽ እየበላቸው ይሄዳል፣ ሲሳሱ ጠቅ ይላል ግን ኃይል አያሳልፉም፣ ደጋግመህ ስትሞክር አንዴ የሚነሳልህም ለዛ ነው። የባለቤቴ ወንድም ኮሮላ ልክ እንደዚህ ነበር፣ ያገለገለ ሞተሪኖ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ግዛ ተብሎ ነበር፣ ሌላ ኤሌክትሪሻን ፈቶ መዳቦቹን ብቻ ቀየረለትና እስካሁን ትነዳለች። ያገለገለ ብትገዛ እኮ የሌላ ሰው ያለቀ መዳብ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ኤሌክትሪሻኑን መጀመሪያ ክፈተውና መዳቡንና ካርቦኑን (ሞተሪኖው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰውን) አሳየኝ በለው።

ቪትዟ አውቶማቲክ ከሆነች የሰፈር ልጆች ሰብስበህ አታስገፋ፣ በግፊት አትነሳም። ሞተሩ እየዞረ አልነሳም ቢልህ ደሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ወደ ነዳጅና ካንዴላ ነው የሚኬደው።

ሁለቱን ቁጥሮች ለክተህ እዚሁ ጻፍልን፣ ስትለካ ማርሹ ፓርክ ወይ ኒውትራል ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም የተያዘ ይሁን።