ብረት በሚጠፋበት አገር «ስቶክ አትያዝ» ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ አካባቢ ባለ የብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ ፎርማን ነኝ። በር፣ መስኮትና የተማሪ ዴስክ እንሠራለን። ባለቤቱ የካይዘን፣ ማለትም አሠራርን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ሥልጠና ወስዶ ሲመጣ ወለሉ ቢጫ መስመር ተቀባ፣ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ መፍቻና መዶሻው ቦታ ቦታውን ያዘ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ልጆቹ «ሥራ ተጨመረብን እንጂ ምን አገኘን?» ይላሉ። አሁን ደግሞ ባለቤቱ «በሊን (ብክነትን በሚቀንስ) አሠራር ስቶክ ማብዛት ብክነት ነው» ብሎ የላሜራና የቱቦላሬ ግዢውን ሊቀንስ ነው። ላሜራ ደግሞ ዛሬ አለ ሲባል ነገ ይጠፋል፣ ካልጠፋም ዋጋው ይሰቀላል። ይሄ የጃፓን ነገር እውነት ለእኛ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ። ባለቤቱ ስለ ስቶክ የያዘው ሐሳብ ግን ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ድርጅቱን ይጎዳል።

ለሊን መሠረት የሆነውን የቶዮታን አሠራር የቀረጸው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ሰባት ዓይነት ብክነት ብሎ ሲዘረዝር ክምችትን አንዱ አድርጎታል። እውነት ነው። ግን ያ አሠራር የተወለደው አቅራቢው ቅርብ በሆነበት፣ ዕቃው በቀጠሮው ሰዓት በሚደርስበት አገር ነው። የእኛ ብረት አብዛኛው ጥሬ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ አቅርቦቱን ካናጋበት በኋላ፣ አቅራቢዎቹ የወራት ቺፕ (የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) በእጃቸው እንዲይዙለት አድርጓል። የሚጠፋውን ዕቃ እነሱም ያከማቻሉ። ስለዚህ ላሜራውን ያዙ።

መቀነስ ያለበት በከፊል የተሠራው ነው። እስቲ ግቢውን ዞር ዞር ብለህ እይ። ተቆርጦ ብየዳ የሚጠብቅ ስንት ቱቦላሬ አለ? ተበይዶ ቀለም የሚጠብቅ ስንት በር ግድግዳ ተደግፏል? 40 በር ታዘዘ እንበል። ብዙ ቦታ የሚደረገው የ40ውንም ቆርጦ ጨርሶ ከዚያ ወደ ብየዳ መሄድ ነው። ቆራጩ በአንድ ሳንቲ ከሳተ የሚታወቀው ብያጁ የመጀመሪያውን ፍሬም ሲገጥም ነው፤ ያኔ 40ውም አልቋል፣ ክፍተቱ በኤሌክትሮድ ይሞላል፣ የተሞላው እንደገና በግራይንደር ይላጋል፣ ዲስክ ያልቃል፣ መብራት ይቆጥራል፣ በሩም ቢሆን ቀጥ ብሎ አይዘጋም። አምስት አምስት እያደረጋችሁ ከመቁረጫ እስከ ቀለም ብታሳልፉት ስህተቱ አምስቱ ላይ ይቆማል። ገንዘቡም ቶሎ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ያለቀ በር እንጂ የተቆረጠ ቱቦላሬ አይሸጥም።

ቁርጥራጩንም ተመልከት። ቱቦላሬ 6 ሜትር ነው። 1.75 ሜትር የሆነ ሦስት ስታወጣ 75 ሳንቲ ይተርፋል። እዚያው በር ላይ 70 ሳንቲ የሆነ አግዳሚ ካለ፣ ዲስኩ የሚበላውን ጨምረህም ከዚያው ትራፊ ይወጣልሃል። ቆራጩ ግን ረጃጅሞቹን ሁሉ መጀመሪያ ጨርሶ ትራፊውን ስክራፕ ላይ ከጣለው፣ ለ70ው አዲስ ቱቦላሬ ይጀምራል። ግራይንደሩ ከመነሳቱ በፊት የቁርጡን ዝርዝር ወረቀት ላይ አቀናጁት። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፣ ዋናው እዚህ ጋ ስለሆነ። ካይዘን አገራችን የገባው አቶ መለስ ጃፓንን ጠይቀው ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ 30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ፣ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚለውን የካይዘን አምስት ደረጃ ያልሰማ የፋብሪካ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ብዙ ድርጅት ግን ማጽዳት ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው በትእዛዝ አይሆንም። በቆረጠው ብዛት የሚከፈለውን ቆራጭ አምስት ብቻ ቆርጠህ ብያጁን ጠብቅ ብትለው ለምን ይሰማሃል? ገቢውን እኮ ነው የምትነካበት። አከፋፈሉ ባለቀና ሳይመለስ በተረከበ በር ይሁን፣ ለሁሉም በጋራ። ሥራ ስለተቀላጠፈ ማንም እንደማይቀነስ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ፣ በሁሉም ፊት ይናገር። እነዚህ ሁለቱ ሳይፈጸሙ ሰሌዳ መስቀል የቀለም ወጪ ነው።

ባለቤቱን በክርክር አታሸንፈውም፣ ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ብቻ ለሙከራ ጠይቀው። ከመጀመራችሁ በፊት እንደ ወትሮው የተሠራ ተመሳሳይ ትእዛዝ ስክራፑን መዝነው፣ ያለቀውን የዲስክና የኤሌክትሮድ ብዛት ጻፍ፣ ስንት በር ለማስተካከያ እንደተመለሰ ቁጠር። ቀጣዩን በአምስት አምስት ሥሩና ያንኑ መዝኑ። ልዩነቱን በብር አስልተህ አሳየው፣ ከዚያም ከተረፈው ውስጥ ለልጆቹ ስንት እንደሚደርሳቸው እዚያው ጠይቀው።