ስቲልሄድና ሬንቦ ትራውት አንድ ዓሣ ናቸው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ስቲልሄድና ሬንቦ ትራውት አንድ ዘር ናቸው ሲባል ሰማሁ፣ አንዱ ብርማ ሌላው ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ሆኖ እንዴት አንድ ይሆናሉ? እንቁላል ከጣለ በኋላስ ይሞታል? ለማጥመድም አስቤያለሁ።

መልስ፦ አዎ ወንድሜ አንድ ናቸው፣ ሳይንሳዊ ስማቸውም ኦንኮሪንከስ ማይኪስ ነው። ልዩነቱ ኑሯቸው ላይ ነው፣ ሬንቦው እዛው ወንዝ ውስጥ ይኖራል፣ ስቲልሄድ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ወንዝ ውስጥ ካደገ በኋላ ሰውነቱ ለጨው ውሃ ይዘጋጅና ብርማ ሆኖ ወደ ፓስፊክ ይወርዳል፣ እዛ 2 ወይ 3 ዓመት በልቶ ወፍሮ ወደተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል፣ ወንዙን የሚለየው ደግሞ በውሃው ጠረን ነው፣ እኔን ሁሌም ይገርመኛል! ወንዝ ውስጥ ሲቆይ ሮዙ መስመር ተመልሶ ይወጣል።

ሴቷ በጎኗ ተጋድማ በጭራዋ ጠጠሩን እየመታች ጉድጓድ ትሰራለች፣ እንቁላሏን ጥላ በጠጠር ትሸፍነዋለች፣ ለዛ ነው ደለል ሲበዛ እንቁላሉ ኦክስጅን አጥቶ የሚሞተው። ስቲልሄዱ ራሱ ግን፣ ፓስፊክ ሳልሞን የሚባሉት ዓሦች እንቁላል ጥለው እንደሚሞቱት፣ የግድ አይሞትም፣ የተወሰነው ወደ ባህር ሄዶ ድጋሚ ይመጣል።

ስታጠምድ ጀርባው ላይ ከጭራው ፊት ያለችውን ትንሽ ክንፍ እያት፣ ከተቆረጠች እርባታ ጣቢያ ያደገ ነው፣ ካልተቆረጠች የዱር ነው፣ እሱን የአሜሪካ ግዛቶች በሆኑት ዋሽንግተንና ኦሪገን ውስጥ አብዛኛው ወንዝ ላይ መልቀቅ ግዴታ ነው። እባክህ ከውሃ ሳታወጣው፣ በእርጥብ እጅ ይዘህ መንጠቆውን ንቀልለት።