«እሱ መንፈሳዊ፣ እኔ ሥጋዊ ሆንኩ»

ጥያቄ፦ ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው፤ 2 ልጆች አሉን። የተገናኘነው መዘምራን ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከዓምና ጀምሮ «ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ላገለግል ነው» ይላል። ባለፈው ወር ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያሰብነው እቁብ ሲወጣልን ሳይነግረኝ ለአገልግሎት ሰጠው። ስጠይቀው «እግዚአብሔር ተናገረኝ፤ አንቺ ሥጋዊ ስለሆንሽ አይገባሽም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደሞዜን እሱ በማያውቀው አካውንት አስገባለሁ። ለእናቱም ደውዬ ከስሼዋለሁ። እውነት ዓለማዊ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳሽ «አይገባሽም» የሚለው ቃል ይመስለኛል። ቢጎዳሽ አይገርምም። «እግዚአብሔር ተናገረኝ» ሲባል ወሬው እዚያው ያበቃል። ከባል ጋር መከራከር ይቻላል፤ ከእግዚአብሔር ጋር ማን ይከራከራል? ስለዚህ ዝም ትያለሽ፣ ዝምታው ውሎ አድሮ ቂም ይሆናል፣ ቂሙም ይኸው የድብቅ አካውንት አስከፈተሽ።

ወደ እኔ የሚመጡ ብዙ አማኝ ባልና ሚስቶች ጸሎትን መንፈሳዊ፣ ሒሳብን ዓለማዊ አድርገው ይከፍሉታል። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይከፍልም። ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም የፈታው በእግዚአብሔር መንፈስ ነው፤ ፈትቶ ግን ቁጭ አላለም። በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እንዲከማች መከረ። ጌታም ግንብ ሊሠራ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል። የትምህርት ቤት ክፍያ ስላሰላሽ ዓለማዊ አልሆንሽም። ጳውሎስማ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን ክዷል ብሏል። ይህን የጻፍኩት አንቺ እንድትረጋጊ ነው እንጂ ባልሽ ላይ እንድትወረውሪው አይደለም።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? ያዕቆብ ምዕራፍ 3 ላይ ከላይ የምትመጣውን ጥበብ በጠባይዋ ነው የሚያሳውቀን፦ ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር፣ እሺ ባይ፣ ምሕረት የሞላባት። መራራ ቅንዓት ያለበትን ደግሞ የምድር ነው ይለዋል። እኔን የምትይዘኝ «እሺ ባይ» የምትለዋ ናት። እሺ ባይ ሰው ማለት የሚያናግሩት ሰው ነው፤ ጆሮ ይሰጣል፣ ሐሳቡን ሲመዝኑበት አይቆጣም። ባልሽ የሰጠው ገንዘብ መልካም ቦታ ገብቶ ሊሆን ይችላል። መደበቁና ስትጠይቂው «ሥጋዊ» ብሎ ማባረሩ ግን በዚህ ሚዛን አያልፍም። አትቀየሚኝና፣ ያንቺ አካውንትና ለእናቱ መደወልሽም አያልፉም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጆን ዌልዉድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰዎች መንፈሳዊ ነገርን ተገን አድርገው ከገዛ ቁስላቸው እንዴት እንደሚሸሹ ጽፏል። ያስተዋለውም ክርስቲያኖች ሳይሆኑ ቡድሂስቶች መካከል ነው፤ የየትኛውም እምነት ሰው ላይ ይታያል ማለት ነው። ለዚህ ነው አንድ ነገር የምጠይቅሽ፦ ባልሽ መሥሪያ ቤት ምን ገጥሞታል? የሚያዋርደው አለቃ አለ? ሰው «መሮኛል፣ አቃተኝ» ማለት ሲያፍር «ተጠራሁ» ማለት ሊቀለው ይችላል። ጥሪው እውነተኛም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ የመፍረድ ሥልጣን የለኝም። ግን ጌዴዎን እንኳ እግዚአብሔር ላከኝ ብሎ አልሮጠም፤ የበግ ጠጉር ዘርግቶ ሁለት ጊዜ ምልክት ጠይቋል፣ እግዚአብሔርም አልተቆጣውም።

ሳልነግርሽ የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ለቀናት ሳይተኛ ድካም ካልተሰማው፣ ንግግሩ ከፈጠነ፣ ገንዘብ ያለልክ ካወጣ፣ ይህ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ይየው። ሐኪም ጋ መሄድ ጸሎትን አያስቀርም።

አሁን ወደ ቤትሽ ልመልስሽ። መጀመሪያ ስለ አካውንቱ አንቺው ንገሪው። ዝጊው አላልኩም፤ ንገሪው ነው ያልኩት። (እጁን የሚያነሳብሽ ሰው ከሆነ ግን ይህን ተዪው፤ ከሁሉም በፊት ደኅንነትሽን አስቢ፣ ለምታምኚው ሰውም አሳውቂ።) እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «ደሞዜን ደብቄህ ነበር፤ ጥፋት ነው። የደበቅኩት ፈርቼ ነው። የልጆቹ ገንዘብ ሳልጠየቅ ሲወጣ ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንደሌለኝ ተሰማኝ።» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ስለ ሥራው ጠይቂው። ስለ ጥሪው ሲነግርሽም እስኪጨርስ አታቋርጪው፤ ምናልባት ከዓመት በላይ ልቡን የሰማለት ሰው የለም።

ሁለት ነገር ብቻ ለምኚው፦ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከሁሉ በፊት ይነሳ፣ ከተስማማችሁበት መጠን በላይ የሆነ ስጦታ ደግሞ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ አይውጣ። አሁንም «ሥጋዊ ነሽ» ካለሽ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ወይም መጋቢ ይግባበት፤ ብቻ ገንዘቡ ከሄደበት አገልግሎት ጋር ንክኪ የሌለው ይሁን።

ከባልሽ ጋር የምታደርጊው ንግግር ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን፣ ስልኮቻችሁም ሌላ ክፍል ይቆዩ። የመጀመሪያው ምሽት ካልሆነልሽ ሳምንት ቆይተሽ ድገሚው እንጂ ወደ እናቱ እንዳትደውይ።