ሰኞ ሰኞ ቀይ የሚያበራ ፒኤልሲ፦ ሲፒዩ ከመግዛት በፊት

ጥያቄው የመጣው ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነው። ወፍጮውን የሚያዘው ፒኤልሲ (የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር)፣ ሲመንስ ኤስ 7-300፣ ሰኞ ጠዋት ሲከፈት «ኤስኤፍ» የሚለው ቀይ የብልሽት መብራት ይበራና አእምሮው፣ ማለትም ሲፒዩው፣ ስቶፕ ላይ ይቀራል፤ ፕሮግራሙን አያስኬድም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው አጥፍተው ሲያበሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ሌላ ቀን እምብዛም አያስቸግርም። 24 ቮልት የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ከሁለት ዓመት በፊት ተቀይሯል። አንድ ባለሙያ መጥቶ «ሲፒዩው ተቃጥሏል» ብሎ ሄዷል። «ጋሼ፣ አለቃዬ አዲስ ሲፒዩ ሊያዝዝ ነው፤ ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ ትንሽ ይታገስ በለው። የተቃጠለ ሲፒዩ ግማሽ ሰዓት ስለጠበቁት አይድንም። እሑድን ሙሉ ሲቀዘቅዝ የዋለ ፓኔል፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ብልሽት፣ የተቀየረ ፓወር ሰፕላይ። ሦስቱን አንድ ላይ ስሰማ ሌላ ነገር አልጠረጥርም፤ 24 ቮልቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ብሬከር ወረደ ማለት ፓኔሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ሽቦ ልትነካ ስትል ብሬከሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ ከዚያ በቴስተር ለካ። ጄኔሬተራችሁ በራሱ የሚነሳ ከሆነ እሱንም አጥፋው።

ሰኞ ቀይ ሲያበራ አጥፍተህ ለማብራት አትቸኩል። መጀመሪያ ላፕቶፕ ሰክተህ ዲያግኖስቲክ በፈሩን (ሲፒዩው ብልሽቶችን የሚመዘግብበትን ዝርዝር) አንብብ፤ ሲጠፋ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መዝገቦች ብቻ የሚያስቀር ሲፒዩ አለ። አንዱ ሞጁል (ከሲፒዩው ጎን የሚሰካ ካርድ) 24 ቮልት አጣሁ የሚል መልእክት ካገኘህ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። ኤስ 7-300 እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት ኦቢ 82 (ሞጁል ብልሽት ሲያሳውቅ የሚጠራው የፕሮግራም ክፍል) ፕሮግራሙ ውስጥ ከሌለ ቀጥ ብሎ ስቶፕ ይገባል። ባዶ ኦቢ 82 ጭነው «ተሠራ» ብለው ሒሳብ ተቀብለው የሚሄዱ አሉ። ያ በሽታውን መደበቅ ነው።

ቀጥሎ ሲፒዩው ላይ ኤል ፕላስ እና ኤም (የ24 ቮልቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ) ከተጻፈባቸው ብሎኖች ላይ ለካ። ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሳይሆን እዚያው ሲፒዩው ላይ። ትልቁ ሞተርና የአየር ቫልቮቹ ሲነሱ ቴስተሩን ዝቅተኛውን የሚይዝበት ላይ አድርገው። ከ20.4 ቮልት በታች ከወረደ ሌባውን አገኘኸው። ቀጥሎ ኤሲ ላይ አዙረህ እዚያው ለካ፤ ከአንድ ቮልት ካለፈ ፓወር ሰፕላዩ አብቅቶለታል። እነዚያ ርካሽ ቢጫ ቴስተሮች ግን ኤሲ ላይ ጥሩውን 24 ዲሲ ሃምሳ ምናምን ብለው ያነባሉ። አትደንግጥ፤ ደህና ቴስተር ተዋስ።

ለምን ሰኞ ጠዋት? ይቺን ነገር ማስረዳት ደስ ይለኛልና ታገሠኝ። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሆዳቸው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ጊዜ ባለፈ ቁጥር በጎማው ክዳን ሾልኮ ይደርቃል፤ የውስጥ ሬዚስታንሳቸውም ይጨምራል። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ፈሳሽ ደግሞ በጮቄ ብርድ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ሬዚስታንሱ ይብስበታል። ጠዋት ሁሉም ጭነት አንድ ላይ ሲጠይቀው ቮልቴጁ ዘጭ ይላል። ሥራ ላይ ሲቆይ ይሞቃል፣ ይላላል፣ ጤነኛ ይመስላል። በአዘቦት ቀን ፓኔሉ ሳይቀዘቅዝ ስለሚከፈት አይታይም። ከፍታውንም አትርሳ። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 2000 ሜትር ድረስ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ነው የሚያወጡት። ደብረ ማርቆስ ከዚያ በላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ በደንብ ማቀዝቀዝ አይችልም። ስለዚህ 10 አምፒር የተጻፈበትን 10 አድርገህ አትጫነው።

ለማረጋገጥ ሁለት ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ በተከታታይ አገናኝ፤ ሙሉ ከሆኑ 25 ቮልት ገደማ ይሰጡሃል። ባትሪው ላይ ፊውዝ አድርግ፣ የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ንቀል፣ እሑድ ማታ ለሲፒዩውና ለሞጁሎቹ ብቻ አዘጋጅተህ እደር፤ የምታበራው ግን ሰኞ ጠዋት፣ ፓኔሉ እንደቀዘቀዘ ነው። ሰኞ ያለ ቀይ መብራት ከተነሳ ሲፒዩው ንጹሕ ነው።

ካልተነሳ «ዲሲ 5 ቮልት» የሚለውን አረንጓዴ መብራት እይ። ጠፍቶ ከሆነ አንዱ ሞጁል እየጎተተው ይሆናል፤ መብራት አጥፍተህ ከመጨረሻው እየነቀልክ ሞክር። ሁሉም መብራቶች አንድ ላይ ብልጭ ድርግም ካሉ ነው ሲፒዩውን የምትጠረጥረው። የሚሞሪ ካርዱን በርቶ እያለ አታውጣ፤ ኮምፒውተር ላይ ፎርማት ካደረግከው ደግሞ በቃ፣ ካርዱ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ያለውን ፓወር ሰፕላይ ካወጣኸው አንሳና ክብደቱን እየው። ያ ቀላል ፎርጅድ ነገር አሥር አምፒር ተጽፎበት አምስት ላይ ይተነፍሳል። ሽቦዎቹንም እይ፤ ጫፋቸው ሳይታሰር ተጠምዝዘው ገብተው ይሆናል። በፌሩል (ሽቦው ጫፍ ላይ በሚጨመቅ የብረት ቆብ) አስራቸውና ብሎኑን አጥብቅ። ዱቄቱን በቫኪዩም አውጣ እንጂ በኮምፕሬሰር አትንፋ፤ የተበተነ ዱቄት እሳት ይይዛል።

ካፓሲተሩን እቀይራለሁ ብለህ ሣጥኑን እንዳትከፍት። ከነቀልከውም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ይቆያል። ቆልፍ፣ ለካ፣ ከዚያ ንካ።

ሲገዛ ደህና ስም ያለው፣ ከጭነቱ አንድ ሦስተኛ ያህል የሚተርፍ አቅም ያለው ይሁን። ቫልቮቹን ለብቻቸው ሌላ ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ስጣቸው፤ ሲጠፉ የሚረጩትን ቮልቴጅ እንዲውጥ በየኮይላቸው ላይ ዳዮድ አድርግ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ቀዩ ከተመለሰ የበፈሩን ፎቶ ላክልኝ።