በጋሪ የሚሽቀዳደም ፈረስ ነጂ መሆን እችላለሁ ወይ ላልከው ወንድሜ

«እንጅባራ ፈረስ ላይ ነው ያደግኩት። አሁን ስዊድን ነኝ። በቴሌቪዥን የማየው በጋሪ የሚሽቀዳደም ፈረስ ነጂ መሆን እችላለሁ ወይ? ኑሮውስ ያዋጣል?» ብለሃል። ጥያቄህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። እኔ ስቶክሆልም አቅራቢያ ባለ አንድ የውድድር ፈረሶች ጋጣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ዋና ሥራዬ ፈረስ መንከባከብና ማሠልጠን ነው። በአማተር ፈቃድ ደግሞ ወደ 40 ውድድር ነድቻለሁ፤ ሦስቱን አሸንፌያለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

አዎ፣ ትችላለህ። ግን መጀመሪያ የለመድከውን መርሳት አለብህ። ሰባት ቤት አገው ጥር ላይ ሲያከብር ፈረሰኛ የሚደነቀው በግልቢያው ነው። እዚህ ግልቢያ ጥፋት ነው። ፈረሱ መሮጥ ያለበት በሶምሶማ ብቻ ነው፤ የፊት ቀኙና የኋላ ግራው አብረው ይነሳሉ፣ ከዚያ ሌሎቹ ሁለቱ። ግልቢያ ከጀመረ ወዲያው ስበህ ወደ ሶምሶማው ትመልሰዋለህ። ብዙ ከጋለበ ወይም በግልቢያው ከተጠቀመ ከውድድር ይሰረዛል። ታዲያ ይህ ሶምሶማ ቀስ ያለ እንዳይመስልህ። ጥሩ ፈረስ አንድ ኪሎ ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። አንተ ደግሞ ሰልኪ በሚሏት ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ላይ፣ እግርህን ግራና ቀኝ ዘርግተህ፣ ከኮቴው ጀርባ ተቀምጠሃል። አሸዋው ፊትህን ይገርፈዋል።

የነጂ ሙያ ያለው እጁ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ልጓሙን የምይዘው ጋሪ እንደሚያቆም ሰው ነበር። ፈረሱ ሲስብ እኔም እስባለሁ፤ እኔ ስስብ እሱ ይብስበታል። አሠልጣኜ በየቀኑ «እጅህን አለስልሰው» ይለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። ፈረሱ በልጓሙ በኩል ይሰማሃል፤ ስትፈራ ያውቃል፣ ስትቸኩል ያውቃል። ስዊድን ውስጥ እንዲፈጥን ብለህ በአለንጋ መምታት አትችልም፤ ክልክል ነው። እኔ በዚህ ሕግ ደስተኛ ነኝ።

ሌላው ቦታ መምረጥ ነው። አንዳንዱ ውድድር የሚጀመረው ክንፍ ካለው መኪና ኋላ ተደርድሮ ነው። መኪናው እየፈጠነ ሄዶ ክንፉን ያጥፍና ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ቦታህን መያዝ አለብህ። ከመሪው ጀርባ ከተቀመጥክ ንፋሱን እሱ ይከልልሃል፤ ግን በሌሎች ታጥረህ መውጫ ልታጣ ትችላለህ። ከመሪው ጎን በውጭ በኩል ያለውን ቦታ ስዊድኖች «ዶደንስ» ይሉታል፤ የሞት ቦታ እንደማለት ነው። ንፋሱም ያንተ ነው፣ መዞሪያው ላይ የሚረዝመው መንገድም ያንተ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውድድሮቼ አብዛኞቹን እዚያ ቦታ ላይ የነዳሁ ይመስለኛል። ችኮላ ነው የሚወስድህ።

በሜይ የመጨረሻ እሑድ ስቶክሆልም ያለው ሶልቫላ ትራክ ሄደህ ኤሊትሎፔት የሚባለውን ትልቅ ውድድር እይ። ርቀቱ 1,609 ሜትር ነው። ስምንት ስምንት ፈረስ በሁለት ማጣሪያ ይሮጣል፤ ከየምድቡ አራት አራቱ ያልፋሉ፤ ፍጻሜው እዚያው ቀን ነው። ነጂው ማጣሪያውን ሲነዳ ለፍጻሜው የሚሆን ጉልበት ፈረሱ ውስጥ ማስቀረት አለበት። የነጂዎቹን እጅ ብቻ ተመልከት።

ስለ ኑሮው እውነቱን ልንገርህ። ነጂ ደመወዝ የለውም፤ የሚያገኘው ከሽልማቱ ድርሻ ነው። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው 5 በመቶ ነው። ፈረሱ ምንም ካላመጣ አንተም ከምንም ነገር 5 በመቶ ነው የሚደርስህ። ስለዚህ በነጂነት ብቻ የሚኖሩት የሌላ ሰው ፈረስ እየነዱ ከትራክ ትራክ የሚዞሩ ናቸው። ስዊድን ውስጥ ከ30 በላይ ትራክ አለ። በደቡብ ማልሞ ከተማ ካለው ያግሽሮ ትራክ እስከ ሰሜኑ ቡደን ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌሊት መኪና መንዳት የሥራው ግማሽ ነው። ትዳር ያለው ሰው ይህን ቤቱ ተመካክሮ ይግባበት።

አደጋም አለ። እኔ በሦስተኛው ውድድሬ ከፊቴ ያለው ፈረስ ወደቀና ጋሪዬ ተገለበጠ። ደረት አጥንቴ አጠገብ ያለው የትከሻ አጥንት ተሰበረ። ከአጥንቱ ይልቅ የከበደኝ ስመለስ እጄ መፍራቱ ነው። ስዊድናዊውን ነጂ ቢዮርን ጎፕን አታውቀው ይሆናል፤ አባቱም ትልቅ ነጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ፓሪስ ቫንሴን ትራክ ላይ ሬድሊ ኤክስፕሬስ የተባለውን ፈረስ ነድቶ ፕሪ ዳሜሪክ የሚባለውን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት እዚያው ትራክ ላይ እግሩ ተሰበረ። ተመልሶ በ2020 እና በ2021 ፌስ ታይም ቡርቦን የተባለውን ፈረስ ነድቶ ያንኑ ውድድር አሸነፈ። ተኝቼ ሳለሁ አሠልጣኜ ስለ እሱ ነበር የሚያወራኝ።

እህትህም እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ትምጣ! ጋጣ ውስጥ አብረውኝ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሄለን ዮሐንሶን እ.ኤ.አ. በ1995 ኢና ስኮት የተባለችውን ባዝራ ነድታ ፕሪ ዳሜሪክን አሸንፋለች፤ ያን ውድድር በነጂነት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

እንዴት ትጀምር? ጋሪ ላይ ለመውጣት አትቸኩል። ትራክ አጠገብ ካሉት ጋጣዎች አንዱን አንኳኳና ሥራ ጠይቅ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍግ ትጠርጋለህ፣ ትመግባለህ፣ እግር ትዳስሳለህ። የትኛው እግር ተጎድቶ እንደሞቀ በእጅህ ማወቅ ስትጀምር አሠልጣኙ ቀላሉን ፈረስ ለልምምድ ይሰጥሃል። ፈቃዱ ኮርስና ፈተና አለው፤ ሕጉ በስዊድንኛ ስለሆነ ቋንቋው ላይ አሁኑኑ በርታ። በትምህርት መልክ ከፈለግክ ዬምትላንድ በሚባለው የስዊድን ክፍለ ሀገር ውስጥ ቮንገን የሚባል የፈረስ ትምህርት ቤት አለ።

ክረምቱን ታገስ። ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ፈረስ ያለ ጫማ፣ ማለትም ያለ ኮቴ ብረት፣ ማወዳደር ክልክል ነው፤ የአንተም ጣት በብርድ ልጓሙ ላይ ይደርቃል። ቅዳሜ ጠዋት ብትመጣ እኛ ጋጣ ቡና አለ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና አድራሻውን እልክልሃለሁ። ውኃ የማያስገባ ቦቲ ይዘህ ና።